ለከሚሴ መስመር ነጋዴ ከቴሌግራም ሌላ ምን አለ?

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል እየነዳ የሚመጣው፣ ከደጋው እህል ጭኖ የሚወርደው፣ ከከሚሴና ከኮምቦልቻ ገንዘብ ይዞ የሚሄደው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። በዋዜማው እሑድ ደግሞ ሰንበቴ ገበያዋን ትውላለች። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚነግድ ሰው ትናንት ሰንበቴ ላይ የተቆረጠውን ዋጋ ሳይሰማ ዛሬ ባቲ ላይ ቢጫረት በጨለማ እንደመገበያየት ይቆጠራል። ዋጋውን ቀድሞ የሰማ ያተርፋል፤ ዘግይቶ የሰማ ከገዛ በኋላ ይጸጸታል።

ይህ ወሬ ቀድሞ በሾፌርና በደላላ አፍ ይሄድ ነበር። ዛሬ አብዛኛውን የሚያደርሰው የእጅ ስልክ ነው። ደላላው የማሾውን ናሙና ፎቶ አንሥቶ ቡድኑ ላይ ይለጥፋል፤ የአዳማ ወይም የአዲስ አበባ ገዢ ዋጋ ይሰጣል፤ ሾፌሩ የት እንደደረሰ ይጽፋል፤ ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ይተላለፍና የማስተላለፊያው ምስል እዚያው ይለጠፋል። ሁሉም የሚሆነው በአንድ መተግበሪያ፣ ብዙውን ጊዜም በቴሌግራም ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል የማሾ ዋጋ በአንድ ሌሊት በኩንታል 200 ብር ቢወርድ፣ 50 ኩንታል በአይሱዙ ጭኖ ከከሚሴ የወጣ ነጋዴ ያልሰማው ወሬ 10,000 ብር ያስከፍለዋል። ጭነቱ በተሳቢ 400 ኩንታል ከሆነ ጉዳቱ 80,000 ብር ይደርሳል። ስለሆነም የመልእክት መስመሩ በማን እጅ እንዳለና ቢዘጋ ምን እንደሚተካው ማወቅ እንደ ትራንስፖርትና እንደ መጋዘን ሁሉ የንግዱ ወጪና አደጋ አካል ነው።

በዚህ ረገድ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ "ያልተማከሉ" የሚባሉ የመልእክት መተግበሪያዎች በአማራጭነት ይጠቀሳሉ። ማትሪክስ፣ ጃበር፣ ብራየርና ቢትቻት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው በሽታ አይሠራም።

ሦስት ዓይነት መዘጋት

ነጋዴው አማራጭ ከመምረጡ በፊት ከየትኛው ችግር ለመዳን እንደሚፈልግ መለየት ይኖርበታል። ባለፉት ዓመታት ሦስት ዓይነት መዘጋት ታይቷል።

አንደኛው የባለቤቱ መውደቅ ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጠው ነበር። መንግሥት አልዘጋቸውም፤ የቴሌ መስመርም አልተበላሸም። ሦስቱም የአንድ ኩባንያ በመሆናቸው በኩባንያው የውስጥ አውታር ላይ የደረሰው ብልሽት ሁሉንም አብሮ ጣላቸው።

ሁለተኛው የመተግበሪያው መታገድ ነው። በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ታግደው እስከ ሐምሌ ድረስ ቆይተዋል። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔቱ ራሱ ይሠራ ነበር። ቪፒኤን የሚያውቅ ሰው ዙሪያውን ዞሮ ሲገባ፣ የማያውቀው ግን ከገዢዎቹ ተቆራርጧል። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የአጭር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ እስከ መስከረም 2000 ዓ.ም. ድረስ ሳይከፈት ቆይቷል።

ሦስተኛውና ከባዱ የመስመሩ መቋረጥ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ከሚሴን ጨምሮ ወደ ወሎና ሰሜን ሸዋ ከተሞች ሲገባ የስልክ መስመሩም የመኪና መንገዱም አብረው ተዘግተዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። መስመር በሌለበት ቪፒኤን ምንም አይረዳም።

እነዚህ ሦስት ችግሮች ከተለዩ በኋላ ማነጻጸሩ ቀላል ይሆናል።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ

ቴሌግራም የነጋዴውን ፍቅር ያገኘው ያለምክንያት አይደለም። አንድ ቡድን እስከ 200,000 አባላት ይይዛል፤ ፋይልና ፎቶ በቀላሉ ያስተላልፋል፤ ስልክ የለወጠ ሰው የቆየውን መልእክት ሁሉ እንደነበረ ያገኘዋል። ይህ የሚሆነው መልእክቱ በኩባንያው ሰርቨር ስለሚቀመጥ ነው። የቡድን መልእክት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ የተቆለፈ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ቁልፍ የሚሠራው ሁለት ሰዎች ብቻ በሚነጋገሩበት ምስጢራዊ ውይይት ላይ ነው። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የአጥፊዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚችል አስታውቋል።

ዋትስአፕ በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቶችን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቆልፋል። አንድ ቡድን የሚይዘው 1,024 ሰው ነው። ባለቤቱ የፌስቡክ እናት ኩባንያ ሜታ ነው፤ ፌስቡክ ዋትስአፕን እ.ኤ.አ. በ2014 ለመግዛት የተስማማው በ19 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ሲግናል የሚባለውም መተግበሪያ በቁልፉ ጥንካሬ የተመሰገነና ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት የሚመራ ነው። ሆኖም እሱም የሚሠራው በአንድ ማዕከል ነው። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የአማዞን የሰርቨር አገልግሎት ሲታወክ ሲግናልም አብሮ ታውኳል። መልእክቱ የተቆለፈ መሆኑና መስመሩ የማይወድቅ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ማትሪክስ፦ ሰርቨሩ የማኅበሩ ሲሆን

ያልተማከለ ሥርዓት ምን እንደሆነ ለመረዳት ስልክን መመልከት ይበቃል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ለሳፋሪኮም ደንበኛ ይደውላል። ሁለቱ ድርጅቶች ቢለያዩም መስመራቸው ይገናኛል። የቴሌግራም ተጠቃሚ ግን ለዋትስአፕ ተጠቃሚ መልእክት ልላክ ቢል አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ማትሪክስ ይህን ግንብ ለማፍረስ የተሠራ የጋራ ደንብ ነው። ማንኛውም ማኅበር ወይም ድርጅት የራሱን ሰርቨር ያቆማል፤ አባላቱ ኤለመንት በሚባለው ወይም በሌላ መተግበሪያ ይገቡበታል፤ ሰርቨሩም ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ይነጋገራል። የከሚሴ እህል ነጋዴዎች አንድ ሰርቨር፣ የአዳማ ገዢዎች ሌላ ሰርቨር ቢኖራቸው በአንድ ቡድን ውስጥ መገበያየት ይችላሉ። የቡድኑ መዝገብ በሁሉም ዘንድ ስለሚቀመጥ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቀጥላል። ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የማትሪክስ ትልቁ የሕዝብ ሰርቨር በመረጃ ቋት ብልሽት ለአንድ ቀን ያህል ቢቆምም፣ የራሳቸውን ሰርቨር ያቆሙ ተጠቃሚዎች ሥራቸውን ቀጥለዋል። የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ ያዘጋጀው ቻፕ የተባለ መተግበሪያና የጀርመን ጦር የመልእክት መተግበሪያ በዚሁ ደንብ የተሠሩ ናቸው።

ለነጋዴ ሌላም ጥቅም አለው። በማትሪክስ የአንድ ሰው መለያ ከስሙ በኋላ የሰርቨሩን ስም ይዞ ይወጣል። ማኅበሩ የራሱ ሰርቨር ካለው፣ የማኅበሩ አባል ነኝ ብሎ በሌላ ሰው ስምና ፎቶ ቀብድ የሚለቅም አጭበርባሪ ከመለያው ሊታወቅ ይችላል። በቴሌግራም ቡድን ግን ስም አስመስሎ መግባት ለማንም ክፍት ነው።

ጉድለቱም መነገር አለበት። የማትሪክስ ሰርቨር ትልቅ ማስታወሻና ቋሚ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ከውጭ የሚከራይ ከሆነ ክፍያው በዶላር ነው። ስልኩ የጠፋበት ነጋዴ የመልሶ ማግኛ ቁልፉን ካላስቀመጠ የቆዩ የተቆለፉ መልእክቶቹን ማንበብ አይችልም። የዱቤ ሒሳቡ እዚያ ውስጥ ከሆነ ሒሳቡም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። የቡድኑ ቅጂ በብዙ ሰርቨሮች ስለሚቀመጥም አንዴ የተላከን ነገር ከሁሉም ዘንድ ለመሰረዙ ማረጋገጫ የለም።

ጃበር፦ ሽማግሌው አሁንም አለ

ከማትሪክስ የሚቀድመውን ጃበርን እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ጀረሚ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ኋላ ኤክስ ኤም ፒ ፒ ተብሎ ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኗል። ዋትስአፕ ራሱ ሲጀመር በዚሁ ሥርዓት ላይ ተመሥርቶ እንደነበር ሲታወስ ጃበር የሞተ ነገር እንዳልሆነ ይገባል። ሰርቨሩ ቀላል ነው፤ አነስተኛ ማሽን ይበቃዋል፤ ደካማ መስመር ላይም ይሠራል። የገጠር ገበያ ላይ ቆሞ ቀጭን መስመር ለሚጠብቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ መተግበሪያዎቹ ብዙና የተለያዩ መሆናቸው ነው። አንዱ የሚችለውን ሌላው አይችልም፤ መልእክቱ እንዲቆለፍም የሁለቱም ወገን መተግበሪያ ቁልፉን ማወቅ አለበት። ለአሥር ወይም ለሃያ ሸሪኮች አንድ መተግበሪያ መርጦ መስማማት ይቻላል። ለሺህ ሰው ግን ያስቸግራል።

ማትሪክስም ሆነ ጃበር ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ችግሮች መልስ ናቸው። ባለቤቱ ቢወድቅ ሌላ ባለቤት አለ፤ አንዱ አድራሻ ቢታገድ ሌላ አድራሻ አለ። ለሦስተኛው ችግር ግን መልስ አይደሉም። የሞባይል ኢንተርኔት በጠፋበት የከሚሴ ነጋዴ አዲስ አበባ የቆመ የማኅበሩን ሰርቨር በስልኩ ሊያገኘው አይችልም።

ብራየርና ቢትቻት፦ ከስልክ ወደ ስልክ

መስመር በሌለበት የሚሠራው ሌላ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ብራየር ሰርቨር የሚባል ነገር የለውም። ኢንተርኔት ካለ በኢንተርኔት፣ ከሌለ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ በአጠገብ ካለ ስልክ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የቡድን ጽሑፍ በአባሉ ስልክ ተቀምጦ ይቆይና የሚያውቀው ሌላ አባል በአጠገቡ ሲገኝ ይተላለፋል። ስልክ ቁጥር አይጠይቅም። መተግበሪያውንም ያለ ኢንተርኔት ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ማጋራት ይቻላል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. የትዊተር መሥራች ጃክ ዶርሲ ያስተዋወቀው ቢትቻትም በብሉቱዝ ይሠራል፤ መልእክቱ ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበለ እንዲሄድ ተደርጎ ተሠርቷል።

እዚህ ላይ የባቲ ሰው ፈገግ ቢል አያስገርምም። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት ይህንኑ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆም ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ገበያውና ስለ ሰላሙ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ያ ወሬ ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ሰፊውን ቆላ ያቋርጣል። ማዕከል የለውም፤ ባለቤትም የለውም፤ ማንም ሊዘጋው አይችልም።

የብራየርና የቢትቻት ድንበርም ከዳጉ ድንበር ጋር ይመሳሰላል። ብሉቱዝ የሚደርሰው አጭር ርቀት ነው። ከከሚሴ ባቲ ለመድረስ በዋናው መንገድ በኮምቦልቻ በኩል ይታለፋል። በመካከሉ ስልኮች ተያይዘው ካልቆሙ ወሬው የሚሄደው በተጓዥ ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብራየር በአንድ የገበያ ሜዳ ውስጥ፣ በአንድ የጭነት መናኸሪያ ወይም በአንድ መጋዘን ግቢ ይጠቅማል። የአዲስ አበባን ዋጋ በዚያው ደቂቃ ከሚሴ ያደርሳል ብሎ የሚጠብቅ ግን ያዝናል። በብራየር የድምፅ ጥሪም የለም። ቢትቻትም ገና አዲስ በመሆኑ ገንዘብ ነክ ምስጢር ከመጣል በፊት መቆየት ይሻላል።

ባለቤት የሌለው ነገር የማን ነው?

ያልተማከለ ሥርዓትን የሚያወድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አንድ ነጥብ አለ። ሰርቨሩ የማኅበሩ ነው ሲባል ኃላፊነቱም የማኅበሩ ነው። ኪራዩን ማን ይከፍላል? ሌሊት ቢቆም ማን ያስነሣዋል? አባል ከአባል ቢጣላ ማን ያስወጣል? ባለሙያው ሥራ ቢለቅ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ይቀራል? ሰርቨሩ በአንድ ወጣት ቴክኒሻን ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ሥርዓቱ ያልተማከለ አይባልም፤ ማዕከሉ ከትልቅ ኩባንያ ወደ አንድ ሰው ዞሯል ማለት ብቻ ነው። ትልቁ ኩባንያ ቢያንስ ሌሊት የሚያድር ዘበኛ አለው።

ሕጉም አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ በሚሰበስብና በሚይዝ አካል ላይ ግዴታ ይጥላል። የአባላቱን ስምና ስልክ ቁጥር በራሱ ሰርቨር የሚያስቀምጥ ማኅበር ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሕግ ባለሙያ ቢያማክር ይበጀዋል።

ከሁሉም በላይ ገበያ ሰው ባለበት ነው። ምርጡን መተግበሪያ የጫነ ነጋዴ ገዢው እዚያ ከሌለ ብቻውን ተቀምጦ ይውላል። ቴሌግራምን ትቶ መውጣት የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

ሁለት ባላ ትከል

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። የንጽጽሩ ውጤት ሲጠቃለል ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱ መሣሪያ እንዳለው ያሳያል።

ለሁሉም የሚነገር ዋጋ፣ ማለትም የዕለቱ የማሾ፣ የማሽላ ወይም የፍየል ዋጋ፣ ብዙ ሰው ባለበት በቴሌግራም ይቀጥል። የሚሰወር ነገር የለውምና ቁልፍ አያስፈልገውም።

ለሸሪኮች ብቻ የሚነገር ነገር፣ ማለትም የመጨረሻ ዋጋ፣ የዱቤ ውልና የጭነት ሰዓት፣ ወደ ተቆለፈ ትንሽ ቡድን ይግባ። ለዚህ ዋትስአፕ ይበቃል የሚል ቢኖር አልተሳሳተም፤ ማኅበሩ አቅምና ባለሙያ ካለው ግን ማትሪክስ ሁለተኛው ባላ ሊሆን ይችላል። ሰርቨር ለማቆም ከመጣደፍ በፊት በሕዝብ ሰርቨር ላይ በአሥር ሰው መሞከር ወጪ የለውም።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ የድምፅ ስልክና አጭር የጽሑፍ መልእክት በሚሠሩበት ቦታ የመጀመሪያዎቹ አማራጮች ናቸው። ለዚህም የሸሪኮች ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ መቀመጥ አለበት። በቴሌግራም የተለያየ ስም እያዩ የሚገበያዩ ብዙዎች የሰውየውን ቁጥር እንኳ አያውቁትም። በገበያው ሜዳ ውስጥ ላሉት ብራየር ይጨመርበታል። የዱቤና የቀብድ ሰነድ ግን በየትኛውም መተግበሪያ ላይ ብቻ ተማምኖ መተው የለበትም፤ ወረቀቱ ይኑር።

ከዳጉም የሚወሰድ አንድ ነገር አለ። ወሬ ተቀባዩ ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ማን አየው፣ መቼ፣ የት ብሎ ይጠይቃል፤ ሐሰት ያወራም በማኅበረሰቡ ዘንድ ይጠየቅበታል። በስልክ ቡድኖች ላይ የጎደለው ይህ ነው። "ማሾ ወርዷል" የሚል አንድ መስመር ሺህ ሰው ሲያስተላልፈው ማን እንደጀመረው የሚጠይቅ አይገኝም። ማንኛውም የዋጋ መልእክት የገበያውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የምርቱን ደረጃ እንዲሁም ያየውን ሰው ስም እንዲይዝ አንድ ቡድን ቢስማማ፣ የትኛውንም መተግበሪያ ቢጠቀም ከዛሬው የተሻለ ገበያ ይኖረዋል። ይህ ደንብ ሰርቨርም ዶላርም አይጠይቅም።

የሚቀረው ጊዜው ነው። ከእነዚህ መተግበሪያዎች አብዛኞቹን ለማውረድና ለመመዝገብ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መስመሩ ከጠፋ በኋላ አማራጭ የሚፈልግ ሰው ከበሩ ውጭ የቀረ ነው። ስለዚህ ሙከራው መደረግ ያለበት ሁሉም ነገር በሚሠራበት በአንድ ተራ ሰኞ፣ ባቲ ላይ፣ ፍየሉም ግመሉም ደላላውም ባለበት ነው። ሁለት ሸሪኮች ኢንተርኔታቸውን ለግማሽ ቀን አጥፍተው ሲገበያዩ ቢውሉ፣ የትኛው ባላ እንደሚሸከማቸውና የትኛው እንደሚሰበር ማታ ሒሳብ ሲዘጉ ያውቁታል።